ቡርጎኝ መቱ ላይ

መቱ የመጣሁት ወንድሜን ለመጠየቅ ነው። የወይን ጠጅ ፈተናዬ ስለደረሰ ግን መጽሐፌንም ጠርሙሶቼንም ይዤ ነው የመጣሁት። የማጠናው ቡርጎኝ የሚባለውን የፈረንሳይ የወይን አገር ነው፤ ቀዩን ከፒኖ ኗር፣ ነጩን ከሻርዶኔ ፍሬ ይጠምቁታል፤ ጣዕሙ ከኮረብታ ኮረብታ ይለያያል። የወንድሜ ሚስት ጫልቱ «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ የመጠጥ ትምህርት?» ስትለኝ ሰንብታ፣ አንድ ቀን ከሰዓት የጸሎት ጓደኞቿን ሰብስባ ገባች። ከመጠጥ እስራት ሊያስፈቱኝ! «እናንተ ጸልዩ፣ እኔ ላጥና» አልኩና ከቀዩ ተጎንጭቼ፣ አፌ ውስጥ አንከባልዬ፣ እንደ ቀማሾች ደንብ ሳፋ ውስጥ ተፋሁት።

«ገለታ ዋቃ! ተመስገን! እትዬ ተፉት! ነጻ ወጡ!» ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ጫልቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ሲወስንልኝ ኖሬ፣ ደግሞ መዳኔን እነዚህ ይወስኑልኝ?

«የያዮን ቡና የሚቀምሱ ባለሙያዎችም ይተፋሉ። እነሱም ከቡና ነጻ ወጡ?» አልኳት።

«እትዬ፣ ቡና እኮ አያሰክርም!»

«ትምህርትም አያሰክርም።» ከነጩ ቀዳሁ፣ ዓይኗን እያየሁ ዋጥኩት። «በሉ፣ ለዚህም እልል በሉ።»