የትራም ነጂው ኪሮሽ

ኡስታ በደዊ ከቤቱ ሳይወጣ ሳምንት አልፎት ነበር። ዛሬም ብቅ ያለው ልጁ ናዲያ፣ "አባባ፣ ጢምህ እኮ የሰፈሩን ሕፃናት እያስፈራራ ነው" ብላ ክንዱን ይዛ እስከ ፀጉር አስተካካዩ በር ስላደረሰችው ነው። አስተካካዩ ኡስታ ሾቂ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረለትና ፊቱን በሳሙና አረፋ ሸፈነው። ያኔ በሩ ተከፈተና የቀለም ነጋዴው ሐጂ ዙህዲ ገባ። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ዘፍ ብሎ ጋዜጣውን ዘረጋ። በደዊ በመስታወቱ አየውና ዓይኑን ቶሎ ሰበረ።

በደዊ ዕድሜውን ሙሉ የአሌክሳንድሪያን ትራም የነዳ ሰው ነው፤ ሰፈሩ እንደ ሾቂ ሁሉ 'ኡስታ'፣ ማለትም ባለሙያ፣ የሚለውም ለዚህ ነው። ጡረታ ሲወጣ እጁ የሚይዘው አጣ። እንቅልፍ ከዳው፤ እህል አስጠላው፤ የትራሙ ደወል ከሩቅ ሲሰማ እንባው ይመጣበት ጀመር። ሐኪሙ፣ "ደስ የሚልህን ነገር ፈልግና እጅህን ሥራ አስይዘው" አለው። ናዲያ ለቀልድ የኪሮሽ መርፌዋን አቀበለችው፤ እሱ የምሩን ያዘው። ክሩን ሲያጠላልፍ ሐሳቡ አብሮ እየተፍታታ፣ ቀስ በቀስ መተኛት ጀመረ፤ መሳቅም። የሰፈሩ ሕፃናት የእሱን ኮፍያ ያጠልቁ ጀመር። ታዲያ ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤት ተቀምጦ ሲሠራ፣ ሐጂ ዙህዲ ከእጁ ነጠቀውና ገና ያላለቀውን ሮዝ ኮፍያ ራሱ ላይ ደፍቶ፣ "ሙሽሪት በደዊያ! እልል በሉላት!" እያለ ወገቡን እየነቀነቀ ጨፈረ። ሰው ሳቀ። በደዊም ቤቱ ገብቶ ቀረ።

"ሰርዲኑ ዘንድሮ እንዴት ሰብቷል መሰለህ፣ ኡስታ በደዊ!" አለ ሾቂ ምላጩን እየሳለ። "ባሕሩም ሲቆጣ ከርሞ ዛሬ ጋብ አለ... ኧረ አትናገር፣ አረፋው አፍህ ይገባል! አንተ ዝም በል፤ እኔ የሁለታችንንም አወራለሁ።

"አንድ ሰው አውቃለሁ... ማን እንደሆነ ምን ይረባሃል? ብቻ እንደሱ ያለ ተጫዋች በዚህ ሰፈር አልተፈጠረም። እኛ ሞኞቹ ሲጨንቀን ዓሣ እናጠምዳለን፤ ካናሪ ወፍ እናረባለን። እኔን ታውቀኝ የለ? ማታ ማታ የዑዴን አውታር እደበድባለሁ፤ ሚስቴ ጆሮዋን ይዛ ትሸሻለች፤ እኔ ግን ደረቴ ቀለል ብሎኝ እንደ ሕፃን እተኛለሁ። እሱ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል? ሰው አለለት! ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው ይጫወታል። ክር አይገዛ፣ መንጠቆ አይገዛ... እንዲህ ያለ ርካሽ ጨዋታ የት ይገኛል? ዋጋውን ማለቴ ነው።"

ከኋላ ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ።

"ጭፈራውንስ አይተህለታል? ሰው እኮ በሳቅ ሞተ! በማን እንደሚስቅ ግን እኔ እንጃ... ዓይኔ ጨፋሪው ላይ ነበር። ኮፍያዋም እንዴት አማረችበት! ለራሱ ተለክታ የተሠራች ነው የምትመስለው። የጨቅላ ልክ ነበረች፣ አይደል?"

በመስታወቱ ውስጥ የሐጂ ዙህዲ ጆሮ ቲማቲም መስሏል። በደዊ ሳቁ መጣበት፤ ምላጩ ጉሮሮው ላይ ስለነበር ዋጠው።

"ልጆቹ ደግሞ እንዴት ይወዱታል መሰለህ! 'አባታችን፣ አንተ ዕረፍ' ብለው የቀለም መሸጫውን ቁልፍ ተቀበሉት። እንዳይደክም እኮ ነው! ብቅ ሲልም ወንበር አያወጡለትም፤ ወገቡን እንዳያመው። ስንቱ አባት ነው እንዲህ የሚታሰብለት? አንገትህን ቀና አድርግልኝማ፣ ኡስታ።"

በደዊ ቀና አለ። ይህን አያውቅም ነበር። ሰው ሲሠራው የኖረውን ሥራ በአንድ ጠዋት ሲነጠቅ ምን እንደሚሰማው ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሳምንት ቂሙ ውስጥ አንድ ነገር ላላ። ለካ ያ ሁሉ ጭፈራ የጨነቀው ሰው ጭፈራ ኖሯል!

ሐጂ ዙህዲ ጋዜጣውን አጥፎ ተነሣ።

"ወዴት ነው፣ ሐጂ?" አለ ሾቂ፣ ድምፁ ማር ሆኖ። "ተራዎ ደርሶ የለም እንዴ? እኛ እንደሆን የሌላ ሰው ወሬ ነው የያዝነው... ወይስ ያውቁታል?"

ቢወጣ አመነ ማለት ነው። ሐጂ ዙህዲ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሾቂ የበደዊን ፊት በፎጣ አደረቀና ጉንጩን መታ መታ አደረገው። በደዊ ተነሥቶ ወንበሩን ለባለተራው ለቀቀ። ሲተላለፉ ሐጂ ዙህዲ መሬት መሬት አየ፤ በደዊ ትከሻውን ነካ አድርጎት አለፈ። በሩ ላይ ናዲያ ትጠብቀው ነበር። "ክር መሸጫው እስካሁን አልተዘጋም አይደል?" አላት ቀስ ብሎ።

ከኋላው ሾቂ አዲስ አረፋ እየመታ ነበር።

"ያን ሰው መንገድ ላይ ካገኙት ሰላም ይበሉልኝ፣ ሐጂ። እኔ እንደሆን ከልቤ ነው የምመርቀው። አላህ ጤናውን ይስጠው። ዕድሜውን ያርዝምለት... በጣም፣ በጣም ያርዝምለት... ሲሞት የሚናፍቀው አንድ ሰው እስኪገኝለት ድረስ። አሜን ይበሉ እንጂ፣ ሐጂ!"