ብርድ የማይደርስበት

ሰው ዘመዱን የሚያገኘው ሠርግና ለቅሶ ላይ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች መድኃኒት ቤት ተሰልፈው አያውቁም። እትዬ ስቶይና በየካቲት ማለቂያ አንድ ረፋድ ላይ ከመንደራቸው በአውቶቡስ ፕሎቭዲቭ ከተማ ወርደው፣ የደም ግፊት ክኒናቸውን ሊገዙ ቆመው ሳለ፣ ከፊታቸው ያለች ሴት በበረዶ የታሸገ ከረጢት ስትቀበል አዩ። ሴትዮዋ ዘወር ስትል የእህታቸው ልጅ ራሊትሳ ሆና ተገኘች።

ራሊትሳ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ የድልድይ መሐንዲስ ናት። እናቷ ገና በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደጓት እትዬ ስቶይና ናቸው። እሳቸው ከባላቸው ከጌንቾ ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ እሷ ስታነጥስ ጉንፋኑ የሚይዘው እሳቸውን ነው።

«ምን ሆንሽብኝ?» አሉ ሰላምታውን ዘለው።

«ምንም አልሆንኩም፣ አክስቴ።»

«ምንም ያልሆነ ሰው መድኃኒት በበረዶ ጠቅልሎ ይሄዳል? ለማን ነው የምትዋሺው?»

ሰልፈኛው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነበርና ራሊትሳ ክንዳቸውን ይዛ ወደ አደባባዩ አወጣቻቸው። ፀሐይ ወጥታለች፤ አየሩ ግን ገና ይቆነጥጣል። ከአደባባዩ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ልትቀመጥ ዝቅ ስትል እትዬ ስቶይና በክርናቸው አስቆሟት። የአንገት ልብሳቸውን ፈትተው፣ አራት አጥፈው ድንጋዩ ላይ አነጠፉና «አሁን ተቀመጪ» አሉ።

በዚያ አገር ሴት ልጅ ስሟን ከለመደች በኋላ ቀጥሎ የምትሰማው «ድንጋይ ላይ አትቀመጪ፣ እንቁላልሽን ብርድ ይመታዋል» የሚለውን ነው። የማህፀን ሐኪም የሆነች ሴት እንኳ ብትሆን አያቷ እያየች ባዶ ድንጋይ ላይ አትቀመጥም። ራሊትሳ በተነጠፈላት ላይ ተቀምጣ ሳቅ ያዛት፤ ልትናገር ያሰበችው ነገር ከዚህ በላይ አጉል ጊዜ ሊያገኝ አይችልም።

«አክስቴ፣ እንዳትደነግጪ። እንቁላሌን ላስቀዘቅዝ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ዘር የሚሆነውን እንቁላል ከሆዴ አውጥተው በብርድ ያቆዩልኛል። ለማርገዝ በፈለግሁ ጊዜ አውጥተው ይሰጡኛል። መርፌውን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።»

እትዬ ስቶይና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ዕድሜሽን ሙሉ ከብርድ የጠበቅሁትን አንቺ ሐኪም ቤት ወስደሽ ታስቀዘቅዢዋለሽ?» አሉ። «አብደሻል። ባል ፈልጊ!»

«እየፈለግሁ ነው። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ዕድሜዬ ገፋ ብዬ ያገኘሁትን ባገባ፣ ያ ሰው መዘዜ እንጂ ባሌ አይደለም።»

«ዕድሜሽማ ገና ነው።»

«ፊቴ ገና ነው፤ እንቁላሌ ግን አይደለም። ሴት እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው፤ አዲስ አይጨመርም። ከዓመት ዓመት ቁጥሩም ይቀንሳል፣ ጥራቱም ይወርዳል፤ ከሠላሳ አምስት በኋላ ደግሞ ይብሳል። የዛሬው በዛሬ ዕድሜው እንዲጠብቀኝ ነው የምፈልገው።»

«በረዶ የገባ ነገር ሲወጣ ምን እንደሚመስል ለእኔ ልትነግሪኝ ነው? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» አሉና ድንገት ፊታቸውን አዞሩ። ተረቱ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው እሳቸው ምጥ የማያውቁ መሆናቸው ትዝ ያላቸው። ራሊትሳም ይህን አየች፤ ግን እንዳላየች ሆና ነገሩን ወደ ሌላ አዞረች።

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንጆሪ ለክረምት ስታስቀምጪ ለምንድን ነው ትሪ ላይ የምትበትኚው?»

«በክምር ከገባማ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። ውስጡ በረዶ ይሠራና ሲቀልጥ ይላሽቃል።»

«እነሱም የሚሸሹት ይህንኑ ነው። በጣም ፈጥነው ስለሚያቀዘቅዙት በረዶ የሚሠራበት ጊዜ አያገኝም። ሁሉም ይተርፋል አልልሽም፤ አብዛኛው ግን ይተርፋል።»

«እንጆሪ ሌላ፣ ሰው ሌላ» አሉ እትዬ ስቶይና። ነገር ግን ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ራሊትሳ እጃቸውን ያዘች። «እንቁላሉ የሚወጣ ቀን በማደንዘዣ ስለምተኛ ብቻዬን ወደ ቤት አይለቁኝም። የሚያደርሰኝ ሰው አንቺ እንድትሆኚልኝ ነበር ሐሳቤ። ካልወደድሽው ግን ሌላ ሰው እለምናለሁ።»

«ሌላ ሰው ማን አለሽና!» አሉ ተቆጥተው። የመንደራቸው አውቶቡስ በዚያ ቀን ያለ እሳቸው ሄደ። የእህታቸውን ልጅ ተከትለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቷ የገቡት ግን ሊረዷት አልነበረም፤ ሊያስተዋት ነበር።

ከሩቅ የሚፈራ ነገር ከቅርብ ሲያዩት ብዙ ጊዜ ተራ ሥራ ሆኖ ይገኛል። ራሊትሳ ዝግጅቱን ከጀመረች ወራት አልፏታል። ደሟን ሰጥታ ምን ያህል እንቁላል እንደቀራት ገምተውላታል፤ በአልትራሳውንድ አይተዋታል፤ ተላላፊ በሽታ እንደሌለባት መርምረዋታል። የምትወስደውን ክኒንና ቅጠል ሁሉ ለሐኪሟ ነግራለች። ሲጋራዋን ጥላለች፣ ወይኑንም ትታለች። እትዬ ስቶይና ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ፣ ለሌላው ባይሆንም ለዚህ ሐኪሟን በልባቸው አመሰገኑ።

ማታ ማታ በተወሰነው ሰዓት ራሊትሳ ከእምብርቷ ዝቅ ብላ ቆዳዋን ቆንጠጥ ታደርግና ራሷን ትወጋለች። እትዬ ስቶይና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

«ትንኝ ከነከሰችኝ አይብስም፣ አክስቴ።»

«ትንኝስ ፈቃድ አትጠይቅም፤ አንቺ በገዛ እጅሽ ነው።»

ቀኖቹ ሲገፉ ሆዷ ተነፋ፤ የሱሪዋ ቁልፍ እምቢ አለ። አንድ ምሽት ቴሌቪዥን ላይ የሳሙና ማስታወቂያ አይታ አለቀሰች። ሐኪሟ ይህ ሁሉ እንደሚመጣ አስቀድማ ነግራታለች፤ እንቁላል የሚያፈሩት ዕጢዎች ሲያብጡ ሊጠማዘዙ ስለሚችሉም ሩጫዋን ለጊዜው እንድትተው አዛታለች። ይህን ያልሰሙት እትዬ ስቶይና ግን የባቄላ ሾርባውን እያማሰሉ «ይኸው ብርዱ ገባባት» ይሉ ነበር።

እንዲህ እያሉ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወተት ሊያወጡ ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ መርፌዎቹን ከበሩ ላይ አገኟቸው። አንዱን ቢነኩት ጣታቸውን አቀዘቀዘው። እንግዲያው ብርዱ የሚገባው በዚህ በኩል ነው! መርፌዎቹን አንድ በአንድ ለቀሙ፤ ራሳቸው በሠሩት የሱፍ ካልሲ ጠቀለሉ፤ ከመስኮቱ ሥር ባለው ማሞቂያ ላይም እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን አስተኟቸው። ክፋት አልነበረባቸውም። ክፉ ሰው ቢሆኑማ ጥፋቱ ይህን ያህል ባላማረም ነበር።

ራሊትሳ ከሥራ መጥታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው።

«አክስቴ፣ መድኃኒቱስ?»

«አሙቄልሻለሁ» አሉ እትዬ ስቶይና በኩራት። «ቢያንስ ቀዝቃዛ ነገር ሆድሽ ውስጥ አይግባ።»

ራሊትሳ ካልሲውን ፈታ መርፌዎቹን ዳሰሰች። እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃሉ። ስልክ ደወለች። ሐኪሟ ዶክተር ካሊና በጭራሽ እንዳትጠቀምባቸው፣ ያው መድኃኒት ከመድኃኒት ቤቱ እንዳለና ሰዓቱ ገና እንዳላለፈ ነገረቻት። ራሊትሳ ካፖርቷን ደርባ ወጣች። ተመልሳ፣ ተወግታ እስክትቀመጥ ድረስ እትዬ ስቶይና ከቆሙበት አልተነቃነቁም። የገባቸው አሁን ነው፦ ለልጃቸው ሲሉ የልጃቸውን ተስፋ ሊያበላሹት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

«ለምን?» አለች ራሊትሳ። «ካልወደድሽው ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እንደ እኔ እንዳትሆኚ ፈርቼ ነው።»

«እንደ አንቺ ማለት?»

እትዬ ስቶይና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ በመጋቢት፣ መንደሩ ሁሉ በበዓል ሲጨፍር እኔ እግሬን ታምሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ጌንቾን አግብቼ ልጅ ሲጠፋ አማቴ ይህን ከአንዷ ሰማች። ‹ድንጋይ ላይ ተጎልታ ያበላሸችውን የልጄን ዘር አምጪ በሏት› አለች። በየደጁ ተናገረችው። እኔም አመንኩ። እስከ ዛሬም በእጄ የገደልኩት ነው የሚመስለኝ።»

«ሐኪም አይቶሽ አያውቅም?»

«አንዴ አይቶኛል። ምንም የጎደለሽ የለም አለኝ። አማቴ ግን ብርድ በመሣሪያ አይታይም አለች።»

«አጎቴ ጌንቾስ ተመርምሮ ነበር?»

«ጌንቾ?» አሉ እትዬ ስቶይና ተገርመው። «እሱማ ወንድ ነው።»

ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ክፍሉ መሀል ቆመ። ሁለቱም ሰሙት። ራሊትሳ አልሳቀችም፤ ቁጣዋም የት እንደገባ ጠፋ። ተነሥታ ወንበሯን ከወንበራቸው አጠገብ አደረገችና ትከሻቸው ላይ ተደገፈች።

ወደሚቀጥለው ምርመራ እትዬ ስቶይና አብረው ሄዱ። ዶክተር ካሊና በአልትራሳውንዱ አይታ ስትጨርስ «እርስዎ የሚጠይቁት ነገር አለ፣ እማማ?» አለቻቸው።

«አለኝ። ድንጋይ ሴትን ያመክናል?»

«አያመክንም። መቀመጫን ያቀዘቅዛል፣ ቢበዛ ወገብ ያሳምማል። እንቁላሉ ያለበት ቦታ ግን ከውስጥ ነው፤ ገላ ራሱ ያሞቀዋል፤ የድንጋይ ብርድ እዚያ አይደርስም። ልጅ ከጠፋባቸው ባልና ሚስቶች ደግሞ በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ ይገኝበታል። ሁለቱንም ሳይመረምሩ በአንዷ መፍረድ ትክክል አይደለም።»

እትዬ ስቶይና ራሳቸውን ነቀነቁ። የዕድሜ ልክ ሸክም ሲወርድ ትከሻ ወዲያው አያምንም። ስለዚህ ወደ ልጃቸው ጉዳይ ዞሩ። «እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ምን እንደሚመጣ ለእኔም ይንገሩኝ፤ ሁለተኛ በድንቁርና አላጠፋም።»

ዶክተሯ አልሰለቸችም። እንቁላሎቹ ሲደርሱ የመጨረሻው መርፌ በታዘዘው ሰዓት መወጋት አለበት፤ ይህ ሰዓት ከተዛነፈ የቀደመው ድካም ከንቱ ሊሆን ይችላል። በሚወጣበት ዋዜማ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አይበላም። ማደንዘዣ ይሰጣታል፣ በአልትራሳውንድ እያዩ ከታች በኩል በቀጭን መርፌ ይቀዱታል፤ ሆድ አይቀደድም፣ ብዙ ጊዜም አይፈጅም። በኋላ ቁርጠትና ጥቂት ደም ቢታይ አያስደንግጥ።

«ነገር ግን ኃይለኛ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም በፍጥነት የሚነፋ ሆድ ካዩ አይጠብቁ፤ ይደውሉልኝ።»

«ስንት እንቁላል ሲገኝ ልጅ እርግጥ ይሆናል?»

«እርግጥ የሚልዎት ሐኪም ካለ ይሽሹት፣ እማማ። በዛ ሲል ዕድሉ ይሰፋል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ልሰጥዎ አልችልም።»

እትዬ ስቶይናን ጨርሶ ያሳመናቸው ይህ መልስ ነው። አማታቸው እርግጠኛ ነበረች፤ ይህች የተማረች ሴት ግን የማታውቀውን አላውቅም አለች። እውቀትን ከወሬ የሚለየው ምልክት ከዚህ የበለጠ የለም፤ አንባቢም በየቤቱ ቢሞክረው አይጎዳም።

ቀኑ ደረሰ። እትዬ ስቶይና ከመጠበቂያው ክፍል ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው ጠበቁ። ሲጠሯቸው ራሊትሳ ከማደንዘዣው ነቅታ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን እርጥብ ናቸው።

«ያምሻል?»

«አያምም። ስድስት ብቻ ነው የተገኘው። እኔ የዚህን እጥፍ ነበር የጠበቅሁት። ሌላ ዙር ሊያስፈልግ ይችላል አሉኝ።»

«ታዲያ ሌላ ዙር እንሞክራለን» አሉ እትዬ ስቶይና፤ ‹እንሞክራለን› ማለታቸውን ራሳቸውም ልብ ሳይሉ። «ስድስት ትናንት ያልነበረሽ ነው። ደምሽንና ገላሽን አስመርምረሽ የቆምሽበትን አውቀሻል፤ እኔ ይህን ሳላውቅ አረጀሁ። ማንም ዕድሜሽን እየቆጠረ አያስቸኩልሽም። ደግ ሰው ካገኘሽ በደስታ ታገቢያለሽ፤ ልጅ በራሱ ጊዜ ከመጣም እሰየው፣ ስድስቱን አትነኪያቸውም። ካልመጣ መሞከሪያ አለሽ። የሚመጣውን ባልሽንም ካንቺ እኩል ታስመረምሪዋለሽ፤ ወንድ ነኝ ብሎ እንዳያመልጥሽ።»

ራሊትሳ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከስድስቱ አንዱም ልጅ ባይሆንስ፣ አክስቴ?» አለች።

እትዬ ስቶይና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ባይሆንም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይህን ከአሁኑ ከእኔ ከአፌ ስሚው። እኔ እስኪነግሩኝ ሃምሳ ዓመት ጠብቄአለሁ፤ አንቺ አንድ ቀን አትጠብቂም።»

ከዚያም ልጃቸውን ደግፈው አስነሡና ወደ ቤቷ ወሰዷት።