አፉ የተዘጋው ማንቂያ

ልጅቱ ወደ ስልክ ማስተላለፊያ ጣቢያው የመጣችው የአባቷን ካፖርትና የምሳ ዕቃ ልትወስድ ነበር። አባቷ እዚያ ዘጠኝ ዓመት በዘበኝነት ሠርቷል። ከአምስት ሳምንት በፊት ማቀዝቀዣው ቆሞ ባትሪዎቹ ሲግሉ፣ በወጣው ጋዝ ታፍኖ ሞተ።

ዕቃውን ተቀብላ ስትመለስ በባትሪው ክፍል በር ላይ ከዋናው ቴክኒሻን ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠመች። ሽማግሌውን ሠራተኛው «ጋሽ ዝምታ» ይላቸዋል። ማንቂያ ያልተመዘገበበት ወር «ንጹሕ ወር» ስለሚባል፣ በየስብሰባው የሚመሰገኑት እሳቸው ነበሩ።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ።»

«አሜን፣ ጋሼ።» ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው አዲስ መቆጣጠሪያ ላይ ቀርቷል። የክፍሉን ሙቀትና ጭስ እየተከታተለ፣ ችግር ሲያይ በኔትወርክ መልእክት የሚልክ ሳጥን ነው። እሷም የተማረችው ይህንኑ ሙያ ነው። ሽማግሌው ከአሮጌው ሳጥን የገለበጡትን ወረቀት ይዘው ቁጥሮቹን እያስገቡ ነበር።

«ሙቀቱን ስንት ላይ አደረጉት?»

«ስድሳ ነዋ፤ እንደ ድሮው።»

«ስድሳ ሲደርስማ የሚነግረን ሰው መሞቱን ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ። ከፋብሪካው ሲመጣ ሠላሳ ላይ ነው፤ በር ተከፍቶ የውጭ ሙቀት በገባ ቁጥር ይጮሃል። በቀን ሃያ ጊዜ የሚጮህ ነገር ማን ይሰማዋል? ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ጮኻብኝ የሰማኋት ይመስልሻል?»

አልሳቀችም። እውነቱን ለመናገር ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጩኸት ሲበዛ ይናቃል ማለታቸውም ስሕተት አልነበረም። የተሳሳቱት መፍትሔው ላይ ነው።

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ግን አፉን ከሚዘጉት ትዕግሥት ያስተምሩት። ይኸውልዎት፣ መቆያ የሚል አለ። ሠላሳን አልፎ ዐሥር ደቂቃ ካልወረደ ብቻ መልእክት ይላክ ይበሉት፤ በር ተከፍቶ ዐሥር ደቂቃ አይቆይም። አርባ ሲደርስ ግን ወዲያው መልእክቱም ይላክ፣ የማንቂያው ሳይረንም ይጩህ።»

«መልእክቱ ለእኔ ይመጣል። ይበቃል።»

«ያን ዕለት የት ነበሩ?»

«ጥርሴን ልነቀል ሐኪም ቤት» አሉ ቀስ ብለው። «ስልኬን አጥፍቼ።»

«ለዘበኛውስ ለምን አይላክም?»

«ዘበኛ ምን ያደርግለታል? ቴክኒሻን አይደል!» ብለው ሳይጨርሱ ደነገጡ።

አሮጌው ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጅቱ ከመብራት አገናኝታ መዝገቡን ከፈተችና «ያንብቡልኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ከጠዋቱ አራት ሰዓት... ሠላሳ አንድ። ስድስት ሰዓት... አርባ አራት። ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ስድሳ። መልእክት ተላከ።»

«አባዬ ሽታው ግራ ገብቶት በሩን የከፈተው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሳጥኑ አራት ሰዓት ሙሉ እያየ ዝም አለ፤ ዝም በል ስለተባለ።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ገደልከው እያልሽኝ ነው?»

«እኔ ይህን የምለው አባዬን ከሞት ላስነሳው አይደለም፣ ጋሼ። አዲሱ ዘበኛ በሩን ሲከፍትልኝ ስለ ሦስት ልጆቹ አጫወተኝ። እዚሁ ደጅ ነው ውሎው።»

ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሡ። ከዚያ ወረቀቱን ቀደዱት። «በይ ንገሪኝ፤ እኔ አስገባለሁ።»

ሠላሳ፣ ዐሥር ደቂቃ። አርባ፣ ወዲያው። ቀጥሎም ሦስት ስልክ፤ የእሳቸው፣ የተረኛው ቴክኒሻንና የዘበኛው። እሳቸው እየጻፉ ለራሳቸው ይናገሩ ነበር፦ «ባትሪው ሳይግል እንደርስበታለን። እኔ ባልኖር ሌላው ይሰማል። ዘበኛውም መግባት እንደሌለበት ያውቃል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር...»

«በየሰኞው ደግሞ ይሞከራል» አለች። «ያልተሞከረ ማንቂያ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።»

እዚያው ሊሞክሩት የሙቀት መለኪያው ላይ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አስጠጉ። ቁጥሩ እየወጣ ሄደ። አርባ ሲል ሳይረኑ ሕንፃውን አናጋው። የሽማግሌው እጅ በልማድ ወደ ማጥፊያው ተዘረጋ፤ መልሰው ሰበሰቡት።

ከውጭ የሩጫ ኮቴ መጣና በሩ ጋ ቆመ።

«ጋሼ!» አለ አዲሱ ዘበኛ እያለከለከ። «ስልኬ ‹ባትሪ ክፍል፣ ሙቀት፣ አትግባ› ይላል። እርስዎ ውስጥ ነዎት እንዴ? ልግባ?»

ሽማግሌው ማጥፊያውን ሳይነኩ ወደ በሩ ዞሩ።

«አይግቡ!» ብላ ጮኸች ልጅቱ፣ የአባቷን ካፖርት ደረቷ ላይ አጥብቃ። «እዚያው ይቁሙ! እዚያው!»