«አንተ ማን ነው?» ላላችሁኝ

ክቡር ርዕሰ መምህራችን አቶ ዓለምነህ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ስለ መሸኛ ድግሱ እግዜር ይስጥልኝ። በግ ፍለጋ ይፋግ ገበያ ድረስ የሄዳችሁ፣ ጭስ እየጠጣችሁ ወጡን ያደረሳችሁ፣ ይህን ነጠላ መርጣችሁ ያለበሳችሁኝ፣ እጃችሁ ይባረክ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ቀጥዬ የምለውም ከልቤ ነውና እሱንም ችላችሁ ስሙኝ።

ቅድም ቤዛ ስታስተዋውቀኝ «የባዮሎጂ መምህርታችን፣ የትምህርት ቤታችን ኩራት፣ ገጣሚ ሰገን» አለች። ሞቅ አድርጋችሁ አጨበጨባችሁ። ቤዛ አምና የመጣች ልጅ ናት፤ የሆነውን አታውቅም፤ እሷን አልቀየምም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ኩራት? ከመቼ ወዲህ?

ለማያውቁት ልንገራቸው። የመጀመሪያዋን የግጥም መጽሐፌን ባሕር ዳር አሳትሜ፣ ካርቶኑን ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር ወረታ የገባሁት። በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳት። ቤት የማይመታ ስንኝ አለሽ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ይህኛው ገብቶኛል፣ ያኛው አልገባኝም ትሉኛላችሁ ብዬ ጠበቅሁ። ምን አላችሁኝ?

«ማን ነው?»

በመጽሐፏ ውስጥ አብዛኛው ግጥም አንድ ሰው ያናግራል፤ «አንተ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው ወንጀሌ። የኔነህ፣ አታቀርቅር እንጂ፤ ስምህን ሳላነሳ ብሄድ ቅር ይልህ ነበር። ወንበር ላይ ወጥተህ፣ «በጣቶችህ ላይ የቀረው ነጭ ብናኝ» የሚለውን ስንኝ በሬዲዮ ተራኪ ድምፅ አነበብክና «ጎበዝ፣ ነጭ ብናኝ ማለት ጠመኔ ነው! ሰውየው እዚሁ መካከላችን ነው፣ እንፈልገው!» አልክ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የዚያን ቀን እኔም ስቄያለሁ።

ጠመኔ! ዱቄት ነጭ አይደለም? አመድስ? ደግሞስ በዚህ ቤት ጣቱ ላይ ጠመኔ የሌለበት ማን አለ? እናንተ ግን ፍርዱን ጨርሳችሁ ነበር። የሒሳቡ መምህር አቶ ካሴ ቤቱ ከቤቴ አጠገብ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በአንድ ባጃጅ እንመጣለን። ማስረጃው ይኸው ነበር። ያ ዝምተኛ ሰው በበሩ ሲገባ «አንተ መጣ!» ትሉ ጀመር። ሻይ ሲቀዳ «ለአንተ ቅዱለት!» ትሉ ጀመር።

ነገሩ ከዚህ ግቢ ቢቀር ምን ነበር? አንድ ቅዳሜ የአቶ ካሴ ባለቤት ወይዘሮ አገኘሁሽ፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤቷን ዘግታ ቤቴ መጣች። መጽሐፌን ይዛለች።

«ይኸን የጻፍሽው አንች ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ባሌን ነው?»

«አንብበሽዋል?»

«የተሰመረበትን አንብቤዋለሁ።»

ተቀብያት ገለጥኩት። እውነትም ተሰምሮበታል፤ በቀይ እስክሪብቶ። ወረታ ውስጥ በኪሱ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሚዞር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ?

«እንግዲያው ያልተሰመረበትንም አንብቢው» አልኳት። «ባልሽን ካገኘሽበት ተመለሽና ፊቴን ቧጭሪው።»

እርስዎ ቢሮ መጣሁ፣ አቶ ዓለምነህ። «አንድ ቃል ይናገሩልኝ፤ የሰው ትዳር እየፈረሰ ነው» አልኩዎት። እርስዎም «መምህርት፣ አንቺም እኮ ግልጽ አድርገሽ ብትጽፊው ኖሮ» አሉኝ። ምኑን ነው ግልጽ የማደርገው? ግጥም የፖሊስ ጣቢያ ቃል ነው? «ከዚህ በላይ ስሙ ያልተጠቀሰው ግለሰብ የሰው ባል አለመሆኑን አረጋግጣለሁ» ብዬ ከታች ልፈርምበት ነበር?

አቶ ካሴ አልቻለም። ዝውውር ጠየቀና ሐሙሲት ከተማ ገባ፤ እዚያው ብቻውን ቤት ተከራየ።

ክረምት ሲገባ አገኘሁሽ ተመልሳ መጣች። ዝናቡ አበስብሷታል፤ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ ከነጠላዋ ሥር ይዛዋለች። ገና ሳትቀመጥ «ባሌ አይደለም» አለችኝ። «ባሌን እንዲህ የሚወደው ሰውስ ቢገኝ እኔ ራሴ መርቄ እሰጠው ነበር።» ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ መጽሐፉን ከፌስታሉ አወጣችና፣ ቀስ ብላ፦

«ይኸ ሰው የለም አይደል? ሞቶብሻል። በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ ተብሎ አይለመንም።»

እሷ ፊት አለቀስኩ። ማን እንደነበረ፣ እንዴት እንዳጣሁት ነገርኳት። እሷም የራሷን ሟች ነገረችኝ። ስትወጣ መሽቶ ነበር። በሳምንቱ ሐሙሲት ሄዳ ባሏን ይዛ ተመለሰች። እሱ ግን ዛሬም ለሥራ ሐሙሲት ይመላለሳል እንጂ በዚህ ግቢ በር ዳግመኛ አልገባም። እናንተም ከዚያ ወዲህ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ጠፋ እያላችሁ ታማርራላችሁ።

ለእሷ የነገርኳትን ስም ለእናንተ አልነግራችሁም። ዛሬም አልነግራችሁም።

ሁለተኛውን መጽሐፍ የጻፍኩት ፈርቼ ነው። እስክሪብቶዬ «አንተ» ሊል ሲል የእናንተ ሳቅ ይሰማኛል፤ እሰርዘዋለሁ። ወንዙ፣ ሜዳው፣ ሩዙ፣ ቁሐር ሚካኤል ላይ ጎርፍ የከበባቸው ከብቶች፤ እነሱን ብቻ ጻፍኩ። ይህንን ግን እንዴት ወደዳችሁት! በዚሁ አዳራሽ መረቃችሁልኝ። አቶ ዓለምነህ «አሁን ገና በሰልሽ» አሉኝ። የኔነህ «ይኸኛው ንጹሕ ነው» አልክ። የመጀመሪያው ምን ነክቶት ነበር የቆሸሸው?

ከምርቃቱ በኋላ አንዲት የማላውቃት ሴት ከባሕር ዳር ደወለችልኝ። ነርስ ናት፤ ማህደር ትባላለች። «ሁለተኛውን አነበብኩት» አለችኝ። «ጎርፉ አለ፣ ሜዳው አለ። በመጀመሪያው ስታናግሪው የነበረው ሰው የት ሄደ? እኔ እሱን ብዬ ነበር የገዛሁት።»

ምን ልበላት? ባልደረቦቼ አባረሩት ልበላት?

ያስቆጣኝ ሐሜቱ እንዳይመስላችሁ። ሐሜትማ ወሬ ነው፤ ሌላ ወሬ ሲመጣ ይለቃል። እኔ ግን ከሞተ በኋላ በግጥም ብቻ የማገኘው ሰው ነበረኝ። እሱን ነው ሁለተኛ የቀበራችሁብኝ። በመጀመሪያው ቀብሩ እንኳ ሰው አልቅሶ ነበር፤ በሁለተኛው ሳቃችሁ።

አገኘሁሽ እዚያ ከኋላ ተቀምጣለች። እኔ ነኝ የጠራኋት። ዞራችሁ አትዩዋት፤ ይበቃታል።

ሦስተኛው መጽሐፌ አልቋል። ደብረ ታቦር እንደገባሁ አሳትመዋለሁ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «አንተ» ይላል። እንግዲህ ቀይ እስክሪብቶ ግዙ።

ሳልመርቅ ግን አልሄድም፤ ብቆጣም እናንተው መካከል የኖርኩ ሰው ነኝ። ርብና ጉማራ በልካቸው ይሙሉ፤ ከደጃችሁ አይድረሱ። አዝመራው ይያዝላችሁ። ልጆቻችሁ ተምረው ይጡሯችሁ። ሐዘን አይንካችሁ አልልም፤ ማንን ይምራል ብዬ? ብቻ ሐዘን በመጣ ጊዜ፣ ምንም ሳይጠይቅ አጠገባችሁ ቁጭ የሚል ሰው አያሳጣችሁ።

አሜን በሉ እንጂ! የተቆጣ ሰው ምርቃትም ይደርሳል።