እንግሊዝ ያልሆነው ሐኪም

ክቡር ፊታውራሪ ሃይለ ሚካኤል፣ አባታችን መምሬ ገብረሰንበት፣ ክቡራትና ክቡራን! አትሳቁ እንጂ። ዳንግላ በእንግሊዝ ቆንሲል ግቢ ስሠራ ንግግር ሲከፈት እንዲህ ነበር የሚባለው። ዛሬ ለእኔ ለባዬም ወግ ይድረሰኝ።

በዚህ በጾም፣ በጦር ሰፈር፣ ሽሮውን ከየት እንዳመጣችሁት፣ ጠላውንም ማን እንደ ጠመቀው አልጠይቅም። እጃችሁ ይባረክ። ለአንድ አስተርጓሚ ስንብት ይህን ያህል ደከማችሁ፤ ብድራችሁን እግዜር ይክፈልልኝ።

እንደምታውቁት ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሽቷል። እንግሊዞቹም ተከትለውታል፤ አስተርጓሚ ላኩልን ብለው ለፊታውራሪ መልእክት ሰደዋል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትበረታ እወጣለሁ።

ነገር ግን ደስ ብሎኝ አልሄድም። ከዋርካው ሥር የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች እዩዋቸው። ጋቢያቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሯል። ከሳሹ ወንድማችን ላቀው ነው፣ ተከሳሹ ሐኪም ዳዊት። እንደ አገራችን ሥርዓት ተቆራኝተው ዳኛ ይጠብቃሉ። ነገ ሸንጎ ይቀመጣል፤ በጣሊያን ሰላይ የሚፈረደውን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ስሄድ ደግሞ የዚህ ሰው አፍ አብሮኝ ይሄዳል። ነገ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ቢምልስ ማን ይረዳለታል? እፈራለሁ። ፈርቼም ነው የምናገር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሐኪሙ ከሱዳን በበላያ በኩል ከገባው የእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ፣ ወባ ሲጥለው እኛ ዘንድ የቀረ ሰው ነው። ሲሻለው ቁስላችሁን አጠበ፣ ጥይት አወጣ። አንድ ቀን ላቀው "ከእንግሊዝ አገር በየት በኩል ነህ በልልኝ" አለኝ። አልሁለት። ሰውየው ቀና ብሎ "እንግሊዝ አይደለሁም" አለ። እኔም እንደ ሰማሁት ተረጎምሁ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በጥርጣሬ ያየው ጀመር።

"ዋሽተህ ብትተረጉምለት ምን ነበረበት?" ያላችሁኝ አላችሁ። ያን ቀን ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናገረውን ማን ያምነኝ ነበር?

ከዚያ ብቻውን ሲጸልይ ተሰማ፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ አይደለም። እውነት ነው፣ አይደለም! እኔም አንዲት ቃል አልገባኝም። ደግሞ የካቲት ሃያ ሁለት ጧት የሽንኩርት ቅጠል ቆቡ ላይ ሰክቶ ብቅ አለ። ወዲያው አይሮፕላን መጣና ቦምብ ጣለብን። "ምልክት ሰጠ" ተባለ።

እኔ እንደማስበው አይሮፕላኑ ሽንኩርት ፍለጋ ቢመጣ ኖሮ ሽንኩርት የሞላበትን የእታለም አደይን ጓሮ ነበር የሚደበድብ። ሳቃችሁ፤ ላቀው ግን አልሳቀም። ልክ ነው፣ አይስቅም። በዚያ ቦምብ ወንድሙ የሽዋስ ሞቶበታል። ሐዘን ያለበት ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ በዚህ አልቀየመውም።

ሐኪሙን ስለ ሽንኩርቱ ጠየቅሁት። ያን ቀን የአገሩ ጻድቅ በዓል ነው። ጻድቁም ዳዊት ይባላል፤ ውኃና ቅጠል እየቀመሰ የኖረ አባት ነው አለኝ። ሕዝቡ በበዓሉ ሽንኩርት በልብሱ ይሰካል። መምሬ፣ እርስዎ ይፍረዱ፤ ውኃና ቅጠል የቀመሰን ጻድቅ ማክበር በእኛ ዘንድ ከመቼ ጀምሮ ነው ክህደት የሆነ?

ትናንት ፊታውራሪ "ይህ ዌልስ የምትለው የሐኪሙ አገር ቆላ ነው ደጋ?" ብለው ጠየቁኝ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ግን ሳላየው ሊናፍቀኝ ምንም አልቀረው። ደጋ ነው ፊታውራሪ፣ ያውም ዝናቡ የማያባራ ደጋ። ከሰው በግ ይበዛል። ትልቁ ተራራው በክረምት በረዶ ይለብሳል፤ ከተራራው ወርደው ጥቂት ከሄዱ ባሕር ነው። ሊያይ የሄደ እንግዳ ግንብ ያያል፣ ግንቡን አልፎ ደግሞ ሌላ ግንብ። ያን ሁሉ የሠራው የእንግሊዝ ንጉሥ ነው፤ ሊያስገብራቸው። ዛሬ በግንቡ ሥር በግ ይግጣል።

ከመሬት በታች የሚነድ ጥቁር ድንጋይ አላቸው። የሐኪሙ አባትም ወንድሞቹም ያን ሲቆፍሩ ነው የኖሩት፤ ስንት አገር ያዳረሰ መርከብና ባቡር በዚያ ድንጋይ ሄዷል። ወንዶቹ ከጉድጓድ ወጥተው ፊታቸውን ይታጠቡና ተሰብስበው ይዘምራሉ፤ አንዱ ወገን ከላይ ይዞ፣ ሌላው ከታች ተቀብሎ። ሐኪሙ ቁስል ሲያጥብ የሚያንጎራጉረው ያን ዜማ ነው። ስንቶቻችሁ ናችሁ በዚያ ዜማ እንቅልፍ የወሰዳችሁ?

ቋንቋቸው ደግሞ የራሳቸው ነው። በአያቱ ዘመን ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ በእናቱ ቋንቋ ከተናገረ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ሌላ ልጅ ሲናገር ከሰማ ለዚያ ያስተላልፈዋል፤ ትምህርት ሲያበቃ እንጨቱ የተገኘበት ይገረፋል። አያቱ ተገርፈዋል። እንግዲህ የእኚያ ሰው የልጅ ልጅ "እንግሊዝ ነህ?" ሲሉት ምን ይበል?

ላቀው፣ እናትህ ከባንጃ ናቸው። አንተና አጎትህ በአገውኛ ስታወሩ ማን ሰላይ አለህ? እኔ ዳንግላ የኖርሁት እንኳ ግማሹ አይገባኝም፤ ግን አብረን ነው የተኮስነው።

"ታዲያ ለምን ለእንግሊዝ ይዘምታል?" አላችሁ። እኔም ብዬዋለሁ። "የቤት ውስጥ ጠብና በር ሰብሮ የሚገባ ሌባ አንድ አይደሉም" ብሎ መለሰልኝ። አምስት ዓመት ጫካ የኖራችሁ ሰዎች ይህን ለእናንተ መተርጎም አለብኝ?

ፊታውራሪ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ሐኪሙን ይዤው ልሂድ። አዛዦቹ ደብረ ማርቆስ በኩል ናቸው፤ እነሱ ይጠየቁ። እኔ ዋስ እሆነዋለሁ። ማንኩሳ ያለውን ርስቴን ያውቁታል፣ አንገቴም ይኸው።

"ከሳሹ ከፈቀደ" አሉ? እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ነገሩ ያለው በላቀው እጅ ነው።

መምሬ "ቅኔ ያውቃሉ ወይ?" ብለውኝ ነበር። ያውቃሉ አባቴ። በየዓመቱ ባለቅኔዎቻቸው ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈው ለእሱ በተሠራ ወንበር ይቀመጣል። ከመቀመጡ በፊት ግን ሰይፍ በራሱ ላይ ከሰገባው ግማሽ ድረስ ይመዘዝና ሕዝቡ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ "ሰላም ነው?" ተብሎ። ሕዝቡ "ሰላም ነው!" ካላለ ሰይፉ አይመለስም፣ ባለቅኔውም አይቀመጥም።

ጎራዴዎን ያውሱኝ ፊታውራሪ። ይኸው፣ ግማሽ ድረስ መዘዝሁት። ሐኪሙን ወንበር ላይ አስቀምጡልኝ አላልሁም፤ በሕይወት ይሂድ ነው ያልሁ። ሰላም ነው?

እርስ በርሳችሁ ተያያችሁ። አልፈርድባችሁም፤ ይህን ከተጠየቅን ስንት ዘመናችን ነው?

ሰላም ነው?

እታለም አደይ ብቻ መለሰች። እግዜር ይስጥሽ፤ አንድም ሰው ሰው ነው።

ሦስተኛውን የምጠይቅ ላቀውን ብቻ ነው። የሽዋስን አልረሳሁትም፣ መቃብሩን አብረን ቆፍረናል። ወንድምህን የገደለው አይሮፕላን ነው፣ ይህ ሰው የሽዋስን ደም ሊያቆም በሁለት እጁ ተጭኖ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። አንተም አይተኸዋል። ላቀው፣ ሰላም ነው?

ምን አልህ? ጮክ በል፣ ፊታውራሪም ይስሙህ።

"ሰላም ነው። ቋጠሮውን ግን አልፈታም። ለዳኛ የተቋጠረውን ዳኛ ይፈታዋል፤ እስከ ደብረ ማርቆስ አብሬው እሄዳለሁ።" ሰማችሁ? ይሁን ወንድሜ! ተቆራኝቶ በቅሎ መቀመጥ ስለማይቻል ሦስታችንም በእግራችን ነን። ጎራዴዎን ወደ ሰገባው መልሼዋለሁ፤ ይረከቡኝ ፊታውራሪ።

እናንተም በደኅና ሰንብቱ። ጦም ያደረው ማሳችሁ ለዘንድሮ ክረምት ይድረስ፤ የተበተነው ቤተሰባችሁ ይሰብሰብ፤ ልጆቻችሁ የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ የማይሮጡበት ዘመን ይምጣ። የቀረነውን ደግሞ ለሠርግ ያገናኘን። መምሬ፣ መስቀልዎን ያሳልሙን።

ላቀው፣ በል ተነሥ። አንተ ካልተነሣህ ሐኪሙ መነሣት አይችልም።