የዳርማ ባባ ጀልባና ቴምብር የሌለው ደብዳቤ

ከቦምባይ በስተደቡብ ባለው ጠረፍ ሁሉ እንደ እኔ ያለ የፖስታ ሹም አልተወለደም። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን ሳይሆን እውነት ተደብቃ እንዳትቀር ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት የሼልዋዲን ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እዚያው ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ሣጥኔን ከፍቼ የእንግሊዝ ንግሥት ምስል ያለበትን ቴምብር እሸጣለሁ። እሸጣለሁ ማለቴ፣ ገዢ ቢገኝ እሸጥ ነበር ለማለት ነው።

በዚያ ሰኞ ግን ይኸው ታላቅ ሰው መቀመጫ አጥቶ ሲንቆራጠጥ ዋለ። መንግሥት ፖስታ ቤታችንን የከፈተው ለሙከራ ነበር፤ በዓመቱ ወጪውን ከሸፈነ ይቀጥላል፣ ካልሸፈነ ይዘጋል። ዓመቱ ሊሞላ ተቃርቧል። ተቆጣጣሪው ክረምቱ ሳይገባ፣ ሐሙስ ዕለት ይደርሳል ተብሏል። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነፋሱ ፊቱን አዙሯል፣ የኮኮናት ዛፎቹ ይንጫጫሉ። እኔም ገብቼ እወጣለሁ፣ ወጥቼ እገባለሁ። የሩዝ ገንፎዬ ሳይነካ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እግሬ እንደመራኝ ስወርድ ዳርማ ባባን ከባሕሩ ሰርጥ ዳር አገኘኋቸው፤ ጀልባቸውን ገልብጠው ስንጥቁን በጥጥና በዓሣ ዘይት፣ በመዶሻ እየጠቀጠቁ ይደፍናሉ።

ባባ ከእኛ መንደር ወደ ማዶው ከተማ ሰውና የፖስታውን ከረጢት የሚያሻግሩ ሽማግሌ ናቸው። በልጅነቴ እኔንም ተማሪ ቤት ያሻገሩኝ እሳቸው በመሆናቸው ሹመቴን ከቁብ አይቆጥሩትም። ያን ዕለት ጠዋትም ቦምባይ ጥጥ ፋብሪካ ከሚሠራው ልጃቸው የመጣውን ደብዳቤ ገልብጠው አይተው፣ «ይመለስ!» ብለው ሄደዋል።

በአገራችን የምሥራች የያዘ ደብዳቤ ጥጉን እርድ ይቀባል፤ መርዶ የያዘ ጥጉ ይቀደዳል። ላኪው ቴምብር አይለጥፍም፤ ተቀባዩ የቴምብሩን እጥፍ፣ አንድ አና የምትባለውን ሳንቲም፣ ከፍሎ ይወስዳል ተብሎ። ተቀባዩ ደግሞ ጥጉን ያይና ወሬውን ካወቀ በኋላ «አልፈልግም» ይላል። ያ ደብዳቤ ወሬውን በነጻ አድርሶ ተመለሰ ማለት ነው። ከመንደሩ ሁሉ በዚህ ጥበብ የባባን ያህል የሰለጠነ አልነበረም።

«ማስተር፣ ምነው ምጥ እንደያዛት ላም ትዞራለህ?» አሉኝ።

«ጠዋት የመለሱት ደብዳቤ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው፣ ባባ።»

«እርዱን አይቻለሁ፣ ልጄ ደህና ነው። ውስጡ እንደሆነ ‹እንዴት ናችሁ፣ ዓሣው እንዴት ነው› ነው። ዓሣው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ እኔ አንድ አና ልክፈል?»

«ልጅዎ እዚያው በግማሽ አና ቴምብር ቢለጥፍበትስ?»

«እንዳይለጥፍ ያስጠነቀቅኩት እኔ ነኝ! ዋጋው ቀድሞ የተበላ ደብዳቤ ማን ይሮጥለታል? ፖስታውን በእግሩ የሚያመላልሰው ሯጭ ዝናብ ያየ እንደሆነ ከዋርካው ሥር ጥሎት ይተኛል። ያልተከፈለበትን ግን ሳንቲሟን እስኪያገኝ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ያመጣዋል። የጠገበ በሬ ሲያርስ አይተህ ታውቃለህ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ የሞኝ ንግግር አልነበረም። እኔም ይህን ክርክር ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል በትምህርት ኃይል ገጥሜው፣ ሦስት ሺህ ጊዜ ተሸንፌአለሁ። በዚያ ቀን ግን ጭንቀት አእምሮዬን ስሎት ነበር።

«ባባ፣ ተሳፋሪውን መቼ ነው የሚያስከፍሉት?»

«ሳይሳፈር ነዋ! ማዶ ሲደርስ ዘሎ የሚፈረጥጠውን በዚህ ጉልበቴ ላሳድድ?»

«ከፍሎ ከተሳፈረው ውስጥ ታዲያ ስንቱን መሃል ሰርጥ ላይ ጣሉት?»

በሚያኝኩት ቅጠል የቀላ ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ። «አማቴን ጣልልኝ ብሎ የለመነኝ አለ፤ እሷንም አልጣልኩ። ግን ሰው ይጮሃል፣ ማስተር። ደብዳቤ አይጮህም።»

«የፖስታ ከረጢቱስ ይጮሃል?»

«ከረጢት ይጮሃል እንዴ፣ አንተ ሰውዬ!»

«በየቀኑ ያሻግሩታል። ደመወዝዎን መቼ ነው የምሰጥዎት?»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። «ወር ሲጠባ።»

«ሁለት ሩፒ፣ የወሩ ሥራ ሳይጀመር። አንድ ቀንስ ከረጢቱን ጥለውት ያውቃሉ?»

«እኔ? እኔ ዳርማ?» እሳት ለብሰው ተነሡ። «ያን ጊዜ ማዕበሉ ሲገለብጠኝ ከረጢቱን ጭንቅላቴ ላይ አስሬ አልዋኘሁም? መቅዘፊያዬ ሄደ፣ ጥምጣሜ ሄደ፣ ያንተ ከረጢት አንዲት ጠብታ ነካችው?»

«ዋጋዎን ቀድመው በልተው?»

መዶሻውን አሸዋው ላይ አኖሩ።

«በልቼ» አሉ ቀስ ብለው። ወዲያው ግን ሸሸት አሉ፤ «እኔ ሌላ ነኝ።»

«የማዶውም ሯጭ ስለ ራሱ እንዲሁ ይላል። ይልቅ ሁለት ሩፒዋ ከየት እንደምትመጣ ያውቃሉ?»

«ከንግሥቲቱ ነዋ። የእሷ ሀብት መች ያልቃል።»

«ንግሥቲቱ ሼልዋዲ የምትባል መንደር መኖሯንም አልሰማችም። ከእኔ ሣጥን ነው የምትመጣው፤ እናንተ ከምትመልሱት ደብዳቤ ዋጋ። ሐሙስ ተቆጣጣሪው ሣጥኑን ባዶ ካገኘው ፖስታ ቤቱ ይዘጋል፤ ከረጢቱም ይቀራል። ተሳፋሪ በሌለበት በክረምቱ አራት ወር ምን ሊበሉ ነው?»

ባባ ጀልባው ጎን ላይ ተቀመጡ። መረባቸው ከዛፉ ላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል፤ ዓይናቸው ወደዚያ ሄደ። «መረቤን ለአራጣ አበዳሪ ሳልሰጥ የወጣሁት ክረምት ያለፈው ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ በቁጣ ዞሩብኝ፦ «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ሳልነግርዎት ቀረሁ!»

«የነገርከኝ ስለ መንግሥት ነው። ስለ ጀልባ መች ነገርከኝ?»

እኔም ወደ ትምህርት ቤቱ አቀናሁ።

በረንዳው ድረስ ተከትለውኝ መጥተው አንዷን አና ከወገባቸው ፈትተው ቆጠሩልኝ። ደብዳቤውን ከፍቼ አነበብኩላቸው። እንዳሉት ዓሣው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። ከሥሩም ሚስቱ ሴት ልጅ መውለዷን፣ ስሟን አባቱ እንዲያወጡላት እንደሚጠብቅ ጽፏል። ባባ ደብዳቤውን ተቀብለው የእርዱን ጥግ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው አሹት። «እርዱ ስም አልጠየቀኝም» አሉ። ከዚያም ቴምብር ገዙ፤ ልጅቷም ሬቫ ተባለች።

ከማግስቱ ጀምሮ ሰርጡ መከራ ሆነ። «ደብዳቤ መልሰሃል?» ሳይባል የሚሳፈር ጠፋ። «መልሻለሁ» ያለውን ባባ ወደ እኔ ያባርሩታል። «እኔ ተከፍሎኝ እቀዝፋለሁ፤ አንተ አድርሰውልህ ትመልሳለህ! ሂድ ከማስተር ዘንድ!» እስከ ረቡዕ ድረስ ቴምብር በማራስ ምላሴ እንደ ገለባ ደረቀ፤ የጠረፉ ሕዝብ ሁሉ በእኔ በረንዳ ያለፈ መሰለኝ።

ተቆጣጣሪው ሐሙስ መጥቶ ሣጥኑን አየ፤ ግን ሞኝ አልነበረም። «ሦስት ቀን ዓመት አይሆንም» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ቁርጡን ሳይነግረኝ ማምሻውን ልሸኘው ወደ ሰርጡ ወረድን። ባባ መቅዘፊያውን አጋድመው መንገድ ዘጉበት።

«ክፍያ፣ ጌታዬ።»

«እኔ በመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ፤ አልከፍልም።»

«እንግዲያው ቴምብር የሌለው ደብዳቤ ነዎት» አሉ ባባ። «ማስተር እንዳስረዳኝ፣ አስቀድሞ የከፈለ ግማሹን ይከፍላል፣ ወሬውም እንደ ጥጉ ቀለም ሳይሆን እንደ ልቡ ይደርሳል፣ የሚያደርሰውም ክረምት ከበጋ ይበላል። ያልከፈለ ግን ማዶ ሲደርስ እጥፉን ይከፍላል።»

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ሰው የፖስታ ቤቱ ነው?»

«በወር ሁለት ሩፒ፣ ጌታዬ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«ጀልባ ቀዛፊው ይህን ካወቀ ሣጥኑ ባዶ አይቀርም፤ አንድ ዓመት ይጨመርላችሁ» አለና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ባባ ሳንቲሙን ተቀብለው በጥርሳቸው ሞከሩት፤ ከዚያም ከመንገዱ ዘወር አሉለት።