የአሲያ እግሮች

እማማ አሚና በረንዳቸው ላይ ማሾ ከጠጠር እየለቀሙ ነበር። መርሳ ላይ ዝናቡ ድንገት ሲወርድ፣ ወልድያ በነርስነት የምትሠራው የጎረቤት ልጅ ኢብቲሳም ልትጠለል ሮጣ ገባች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እማማ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ተቀመጪ ልጄ። ይኸውልሽ፣ ከፍየል የተረፈ ማሾ! ምራቴን ‹ስጡን ጠብቂ› ብላት ለጥ ብላ ተኛች፤ ፍየሏ ጠገበች። ታከተኝ። ቅዳሜ ግራና ከተማ፣ እናቷ ቤት እመልሳታለሁ።»

ምራታቸው አሲያ ከበሩ ጀርባ ትሰማ ነበር።

«ሌሊትስ ትተኛለች?»

«የት ተኝታ! እግሯ ሲራገጥ ያድራል። ጅን ነው ብለን በመቀነት ብናስረው ባሰባት።»

«ጅን መቀነት ይፈራል ያለዎት ማነው?»

«ቀልጂብኝ!» አሉ፤ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው።

ኢብቲሳም አሲያን ጠርታ የታችኛውን የዓይን ሽፋኗን ገለጥ አድርጋ አየች። ነጥቷል።

«ስተኛ እግሬ ውስጡ ይርመሰመስብኛል፤ ተነሥቼ ስራመድ ይተወኛል» አለች አሲያ አንገቷን ደፍታ። «ከወለድሁ ወዲህ የወር አበባዬም በዝቷል።»

«እማማ፣ ይህ ስንፍና አይደለም። ደም ሲያንስ፣ በውስጡ ያለው ብረት ሲጎድል፣ እግር እንዲህ እንቅልፍ ይነሣል። ወር አበባና ወሊድ ስላለብን እኛ ሴቶች ላይ ይበዛል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ራሱን ያመዋል፣ ይረሳል፣ ሆድ ይብሰዋል። ደሟን ትመርመር።»

«እኔ እኮ እንድትበረታ ብዬ በምግቧ ላይ ወፍራም ሻይ አጠጣታለሁ።»

«ሻዩ ከምግብ ጋር ሲሆን ብረቱ ወደ ደሟ እንዳይገባ ያግዳል። አይዘኑ፣ አዝነውላት ነው ያደረጉት።»

ስሙን ያላወቅነውን ሕመም ስንፍና ማለት ይቀናናል። አሮጊቷም የያዙትን ጠጠር ጣሉ።

«ልጄን ሙሄዲንን ሳረግዝ» አሉ፣ «የእኔም እግር እንዲሁ ይርመሰመስ ነበር። አማቴ ‹ቀዥቃዣ› ይሉኝ ነበር። ለማንም ሳልናገር ሽበት አወጣሁ።» ወደ አሲያ ዞሩ። «ቅዳሜ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። አብሬሽ ነኝ።»

ምርመራው የደም ማነስ መሆኑን አረጋገጠ። አሲያ የታዘዘላትን የብረት እንክብል ዋጠች፤ ሻዩም ከምግብ ሰዓት ራቀ። ቀስ በቀስ እግሯ ዐረፈ፣ ራስ ምታቷ ተዋት፣ ከልጇ ጋር መሳቅ ጀመረች።

ኢብቲሳም ዳግመኛ ስትመጣ እማማ አሚና እጇን ይዘው አልለቅ አሉ። «አላህ ይስጥሽ ልጄ። ለእሷም፣ ለዚያች ‹ቀዥቃዣ› ለተባለችው ለልጅነቴም።»

አሲያ የመጨረሻዋን ጠጠር ከማሾው ለቅማ ጣለች። ፍየሏ መታሰሯን አየት አድርጋ፣ ሰፌዱን አራግፋ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።